የሥራ ዓይነት፦ ሸቀጣሸቀጥ

ባለፈው ሴሚስተር የዜና አጻጻፍ መምህራችን አንድ የእንግሊዝኛ ዜና አባዝቶ አደለንና «ወደ አማርኛ መልሳችሁ በሦስት መቶ ቃል አሳጥሩት» አለን። ዜናው ስለ አሜሪካ ነበር። በኮሎራዶ ግዛት ማሪዋና በሕግ ተፈቅዶ የሚሸጥባቸው ሱቆች አሉ። ሱቆቹ ንግድ ፈቃድ አላቸው፤ ግብር ይከፍላሉ፤ ሠራተኛ ቀጥረው ያሠራሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ ሂሳብ የሚከፍትላቸው ባንክ አጥተው ግብራቸውን በጥሬ ገንዘብ በከረጢት አሽገው፣ ጠባቂ አስከትለው ወደ ግብር ቢሮ ይወስዳሉ። መንግሥት ደግሞ ያንኑ ባንክ የተጠየፈውን ገንዘብ ቆጥሮ ይቀበላል።

ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ለካ አሜሪካም ማዳበሪያ ውስጥ ብር ትቋጥራለች!» አለ። እኔም እንደ ሰው ለመሳቅ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። ትዝ ያሉኝ ሁለት ሴቶች ናቸው። አንደኛዋ እዚሁ ጎንደር ከተማ፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ደባርቅ ነው ያሉት። የሁለቱም ገንዘብ ሕጋዊ ነው፤ የሁለቱም ገንዘብ ባንክ ቤት ሲገባ ግን ስሙን ይቀይራል። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው። ውድ አንባቢያን፣ ስለ ካናቢስ ጀምሬ ስለ ጫትና ስለ አረቄ ብጨርስ አትፍረዱብኝ።

መጀመሪያ የአሜሪካውን ነገር በቅጡ እንየው፤ ምክንያቱም የሚያስቅ ቢመስልም የራሱ አመክንዮ አለው። ኮሎራዶና ዋሽንግተን ግዛት ማሪዋናን ለመዝናኛ የፈቀዱት በ2012 (እ.ኤ.አ.) በሕዝብ ድምፅ ሲሆን፣ በኮሎራዶ ሱቆች መሸጥ የጀመሩት በጥር 2014 ነው። ይህ የግዛቱ ሕግ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ግን ዕፁን በ1970 ከሄሮይን ጋር በአንድ ምድብ አስቀመጠው። ባንክ ደግሞ የሚተዳደረው በዋናነት በፌዴራል ሕግ ነው። በፌዴራሉ ዓይን የሱቁ ገንዘብ ወንጀል ከሆነ ነገር የተገኘ ገንዘብ ነውና፣ እሱን ተቀብሎ ማንቀሳቀስ ሕገ ወጥ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ በማቅረብ ሊያስጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ባንኩ የሚፈራው ቅጠሉን አይደለም፤ የራሱን ፈቃድ ነው።

በየካቲት 2014 የአሜሪካ ግምጃ ቤት የፋይናንስ ወንጀል ክትትል መሥሪያ ቤት ለባንኮች መመሪያ አወጣ። መመሪያው «አትቀበሉ» አይልም፤ «ተቀበሉ» ብሎም አያደፋፍርም። ከተቀበላችሁ ፈቃዳቸውን አጣሩ፣ በዓይነ ቁራኛ ተከታተሉ፣ ደንበኛው ምንም ባያጠፋ እንኳን ስለ እሱ «አጠራጣሪ እንቅስቃሴ» የሚል ሪፖርት እየጻፋችሁ ላኩ ነው የሚለው። ሪፖርቱ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ሁሉም ነገር ደህና ለሆነለት ሱቅ፣ አንዱ አንድ ነገር ለሸተተው፣ አንዱ ደግሞ ባንኩ ሂሳቡን ለዘጋበት። እስቲ አስቡት፤ ጥፋት የሌለበት ሰው እንኳ ሪፖርት ይጻፍበታል፤ ሪፖርቱም «ይህ ሰው ጥፋት የለበትም» ይላል። ይህን ሁሉ ወረቀት የሚሸከም ትልቅ ባንክ ጠፋ። የተቀበሏቸው በአብዛኛው ትንንሽ የአካባቢ ባንኮችና የብድርና ቁጠባ ማኅበራት ናቸው፤ እነሱም ለድካማቸው ጠቀም ያለ ወርሃዊ ክፍያ ይጠይቃሉ። የተወካዮች ምክር ቤቱ ባንኮቹን ከፍርሃት የሚያወጣ ረቂቅ ከ2019 ጀምሮ ደጋግሞ ቢያጸድቅም በሴኔቱ በኩል እያነከሰ ቀረ።

የኡራጓይ ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ኡራጓይ ካናቢስን በ2013 በአገር አቀፍ ሕግ ፈቀደች። ግዛትና ፌዴራል ብሎ ነገር የለም፤ አገሪቱ በሙሉ ፈቅዳለች። በሐምሌ 2017 ፋርማሲዎች መሸጥ ጀመሩ። ሳምንታት ሳይቆዩ ባንኮቻቸው «ወይ ዕፁን ተዉ፣ ወይ ሂሳባችሁን እንዘጋለን» አሏቸው። የመንግሥት የሆነው ባንክ ጭምር! ለምን ቢባል፣ የኡራጓይ ባንኮች ዶላር የሚያንቀሳቅሱት በአሜሪካ ባንኮች በኩል ነውና የአሜሪካውን ባንክ ሕግ ፈሩ። አንዳንድ ፋርማሲዎችም ሽያጩን ተዉት። የአንድ ነጻ አገር ፓርላማ የፈቀደውን ነገር የሌላ አገር የባንክ መስኮት ከለከለው ማለት ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በእኛ አገር ካናቢስ ማምረትም መሸጥም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ስለዚህ ጥያቄው «ካናቢስ ሻጭ ባንክ ይከፈትለታል ወይ?» ከሆነ መልሱ አጭር ነው፤ መጀመሪያ የሚከፈትለት እስር ቤት ነው። የእኛው ጉዳይ ሌላ ቅጠል ላይ ነው ያለው።

ጫት በአገራችን ሕጋዊ ነው። ይቀረጣል፣ ፈቃድ ይወጣበታል፣ ወደ ውጭ ይላካል። ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባባቸው ዓመታት አሉ። ድንበር ሲሻገር ግን ነገሩ ይለወጣል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር በተባበሩት መንግሥታት የ1971 ስምምነት ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ውስጥ በጥብቁ ምድብ ተመዝግቧል፤ ተክሉ ራሱ ግን አልተመዘገበም። በዚህ ቀዳዳ ለብዙ ዘመን አውሮፓ ሲገባ ኖረ። ኔዘርላንድስ በ2013 ከለከለች፤ በሰኔ 2014 ደግሞ እንግሊዝ ተከተለች። ስለዚህ አንድ እስር ጫት ጅግጅጋ ላይ የውጭ ምንዛሪ ነው፣ ጅቡቲ ላይ ምሳ በኋላ የሚጠበቅ እንግዳ ነው፣ ለንደን ላይ ወንጀል ነው። ከማሪዋናው ጋር መንታ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህን ጽሑፍ ሳስበው መጀመሪያ የነበረኝ ርእስ «ባንኮቻችን ጫትን ለምን ይጠየፋሉ?» የሚል ነበር። ስህተት ነበርኩ። ባንኮቻችን ጫትን አይጠየፉም። ጫት ላኪ የሆነ ሰው ያለ ባንክ አንድ እግሩን ማንቀሳቀስ አይችልም፤ የወጪ ንግድ ፈቃዱ በባንክ በኩል ነው፤ ዶላሩም የሚገባው በባንክ በኩል ነው። ዶላር የሚያመጣ ደንበኛ ደግሞ በየትኛውም ባንክ ወንበር ተስቦለት፣ ቡና ታዞለት የሚስተናገድ ነው። በተለይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ ባንኮች ዶላር ላለው ሰው ምን ያህል ይለማመጡ እንደነበር ነጋዴ ሁሉ የሚያወራው ነው። ጫቱ ብዙ ሲሆን ስሙ «ኤክስፖርት» ነው። ጥቂት ሲሆን ነው «ጫት» የሚባለው።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ልምጣ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እትዬ ልበላቸው። አንደኛ ዓመት ጨርሰን ግቢ ሲዘጋ ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ አላስተማምን ስላለ ሁለት ወር ያደርኩት በእሳቸው ግቢ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ነው። እትዬ ጫት ይነግዳሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ጀምሮ ሦስት ልጆች ያሳደጉት በዚሁ ነው። ንግድ ፈቃድ አላቸው፤ ግድግዳው ላይ ከቅድስት ማርያም ሥዕል ጎን በፍሬም ተሰቅሏል። (ለምን እንደዚያ እንደሰቀሉት ጠይቄያቸው «ሁለቱም ይጠብቁኛል» አሉኝ።) በየዓመቱ ሐምሌ ግብር ይከፍላሉ።

የጫት ሥራ የራሱ ሰዓት አለው፤ የባንክ ሰዓት ደግሞ ሌላ ነው። ይሄን እዚያ ሳልኖር አላውቀውም ነበር። ጫቱ ጎህ ሳይቀድ በባሕር ዳር አካባቢ ይቆረጣል፤ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ በአይሱዙ ይጫናል። እነዚያ ሾፌሮች እንዴት እንደሚነዱ ታውቃላችሁ፤ ሰዉ አይሱዙዋን «አልቃይዳ» ብሎ የሰየማት በከንቱ አይደለም። የሚቸኩሉትም ወደው አይደለም፤ ጫት በማግስቱ ከጠወለገ ገረባ ነው፣ ፍየል ነው የሚበላው። በአዘዞ በኩል ገብቶ ረፋዱ ላይ እትዬ ዘንድ ይደርሳል። ገዢው ከምሳ በኋላ ይመጣል፤ እስከ ማታ አንድ ሰዓት ይሸጣል። ያን ጊዜ ነው ብሩ የሚሰበሰበው። ባንክ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዘግቷል። የአምጪው ገንዘብ ደግሞ ያንኑ ሌሊት ወይም ሲነጋ መከፈል አለበት፤ ያለዚያ የነገው ጫት ለሌላ ሰው ይራገፋል። ስለዚህ የእትዬ ብር ባንክ በሚዘጋበት ሰዓት ይመጣና ባንክ ሳይከፈት ይሄዳል። በመካከል የሚያድረው ትራሳቸው ሥር ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር መጥቶ ነገሩ ቀለል ብሏል። ወጣቱ ቃሚ በስልክ ይከፍላል። ቢሆንም አምጪዎቹ ጥሬ ብር ነው የሚወዱት፤ ገበሬው ጥሬ ብር ስለሚፈልግ። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ወደ ትራስ ይመለሳል። እኛ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ የኢንተርኔት ነገር፣ የመንገድ ነገር፣ የባንክ «ሲስተም የለም» ነገር ምን እንደሚመስል ለዚህ ቡለቲን አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

በ2013 ዓ.ም. መስከረም 4 ቀን የብር ኖት ሲቀየር እትዬ የትራሳቸውን ገንዘብ ተሸክመው ባንክ ሄዱ። ወረፋው ከበር ወጥቶ መንገድ ላይ ነበር። ብሩን ያለ ምንም ጥያቄ ተቀበሏቸው፤ እንዲያውም «ይቆጥቡ፣ አያውጡት» ብለው መክረዋቸዋል። ከዚያ በኋላም ሲሆንላቸው በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት ጠዋት እየሄዱ ያስገቡ ነበር። ለማስገባት ሲሄዱ ማንም «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብሎ አልጠየቃቸውም። እሱ ጥያቄ የተጠየቀው ኋላ ነው።

አንድ ማታ እትዬ ሱቃቸውን ዘግተው ሲመለሱ በራቸው ላይ ሁለት ልጆች ቦርሳቸውን ነጠቋቸው። ከቦርሳው ውስጥ የሚበልጠው የእሳቸው አልነበረም፤ የአምጪው ነበር። በዚህ ከተማ ባለፉት ዓመታት ስለ እገታና ስለ ዘረፋ ያልሰማ ሰው የለምና፣ እሳቸው «ገንዘቡ ይሂድ፣ ነፍሴ ተርፋለች» ነው ያሉት። ግን ዕዳው ዕዳ ነው። ብሩን ሲያስገቡበት ወደ ኖሩት ባንክ (ስሙን አልጠራም) ሄደው ብድር ጠየቁ። አንድ ትሑት ልጅ ፎርም አወጣና መሙላት ጀመረላቸው። የነገሩኝን እንዳለ ላስቀምጠው።

«የሥራ ዘርፍ?»

«ጫት።»

ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወዲያ ወዲህ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ይሄን ብጽፈው ከላይ አያልፍልኝም። ሸቀጣሸቀጥ እንበለው?» አላቸው።

«ሸቀጥ የለኝም እኮ ልጄ።»

«ሁለት ካርቶን ሳሙና ይደርድሩ። ሰው ልከን እናያለን።»

እትዬ ሳሙና ደረደሩ። ሳሙናው እኔ እስክገባ ድረስ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ አቧራ ለብሶ። ብድሩ ግን አልተገኘም። ፎርሙ ሸቀጣሸቀጥ ይላል፣ ንግድ ፈቃዱ ጫት ይላል፤ ሁለቱ አልገጠሙም። ሁለተኛ ንግድ ፈቃድ ያውጡ ተባሉ፤ ሁለተኛ ፈቃድ ደግሞ ሁለተኛ ግብር ነው። በመጨረሻ ገንዘቡን ያገኙት ከአራጣ አበዳሪ ነው። አራጣ በወንጀል ሕጋችን የሚያስቀጣ ድርጊት ነው። ልብ በሉ፤ ፈቃድ ያላት፣ ግብር የምትከፍል ሴት ሕጋዊው በር ሲዘጋባት ወንጀለኛው በር ነው የተከፈተላት። የሰውዬው ቤት ማታም ክፍት ነው፤ «የሥራ ዘርፍ» የሚል ፎርምም የለውም።

እዚህ ላይ ጋዜጠኛ ልንሆን ነው የምንለው እኛ ቆም ብለን ልናስበው የሚገባ ነገር አለ። እንደዚያ ልጅ ያለ ሠራተኛ በየቅርንጫፉ ስንት አለ? ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ሊረዳቸው ነው የሞከረው። ግን በየፎርሙ ጫቱ ሸቀጥ፣ አረቄው በግ ከሆነ፣ ነገ እኔና እናንተ «ለዚህ ዘርፍ ይህን ያህል ብድር ተሰጠ» የሚል መግለጫ ተቀብለን ዜና ስንሠራ የምንጽፈው ምንድን ነው? ሳሙና ነው። አቧራ የለበሰ ሳሙና እንጽፋለን።

«አረቄው በግ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለተኛዋ ሴት እናቴ ናት።

ደባርቅን የምታውቋት ወደ ሰሜን ተራሮች የሚሄዱ ቱሪስቶች የሚነሡባት ከተማ አድርጋችሁ ይሆናል። እኛ ግን ብርዷን ነው የምናውቃት። ጫት ለዚያ ብርድ አይመችም፤ የሚበቅለው ገብስ ነው። እናቴ የገብስ ብቅል ታበቅላለች፣ ጌሾ ትወቅጣለች፣ ድፍድፉን ትጥልና አረቄ ታወጣለች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ እሳት ስታነድ ጭሱ ዓይኗን እንዴት እንዳደረገው እኔ ነኝ የማውቀው። ደብተሬን የገዛው፣ እዚህ ግቢ ስመጣ ፍራሽና ብርድ ልብስ የገዛው አረቄ ነው። እኔ አረቄ አልቀምስም፤ ግን አረቄ አላሳደገኝም ማለት አልችልም።

ልጅ ሆኜ፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ይመስለኛል፣ እናቴ ከአምስት ሴቶች ጋር በቡድን ዋስትና ብድር ወሰደች። አበዳሪው ተቋም የሚያበድረው ለተዘረዘሩ ሥራዎች ነው፤ አረቄ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ ሁሉም «በግ ማድለብ» ብለው ፈረሙ። በገንዘቡ ገብስና አዲስ በርሜል ተገዛ። አንድ ቀን ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ሲባል ሰፈሩ ተተራመሰ፤ እናቴ የጎረቤት በግ ሁለት ተውሳ ጓሮ አሰረች። በጎቹ ቤታቸው አልመስል ብሏቸው ሲጮኹ ዋሉ። ተቆጣጣሪው አየ፣ ጻፈ፣ የቀረበለትን ቀመሰ። የቀመሰው አረቄ ነበር። እኔ ያን ጊዜ በጣም ስቄያለሁ። ብድሩ በቀኑ ተመለሰ፤ አንድም ሴት አላስቀረችም። በመዝገቡ ላይ ግን የተሳካው የበግ ማድለብ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ እንደ ቀልድ ውሰዱት። ከደባርቅ ወዲያ ያለው የዳሸን ተራራ ስሙን ለባንክም ሰጥቷል፣ ለቢራም ሰጥቷል። ቢራ ፋብሪካው እዚሁ ጎንደር ነው ያለው፤ ብዙዎቻችሁም ከፈተና በኋላ ታውቁታላችሁ። ቢራ ፋብሪካ ልክፈት ብሎ የፕሮጀክት ሰነድ ይዞ ባንክ የሚሄድን ባለሀብት «የሥራ ዘርፉን የጠርሙስ ንግድ እንበለው?» የሚል ማንም የለም። ሁለቱም ከገብስ ነው፤ ሁለቱም ያሰክራል። ልዩነቱ የእናቴ ተራራ አንድ በርሜል መሆኑ ነው።

የሚቃወመኝ ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ዶርም ውስጥ ተከራክረንበታል። አንዱ ጓደኛዬ «ታዲያ ባንክ ትውልድ ለሚገድል ነገር ገንዘብ ይስጥ ነው የምትለው?» አለኝ። ንግግሩ ከልቡ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ትምህርቱን ያቋረጠው በጫት ምክንያት ነው። እኔም ጫት አልወድም። ፈተና ሲደርስ ማታ ማታ በየዶርሙ ያለውን ምርቃና፣ ጠዋት ደግሞ ያን ድብርት እያየሁ ነው። በአረቄ የፈረሱ ቤቶችንም እናቴ ደጃፍ ላይ ቆሜ አይቻለሁ፤ ይሄን መካድ የራስን ዓይን መካድ ነው።

ግን ጓደኛዬን አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት። እትዬ ብድር በመከልከላቸው ወንድምህ አንድ ቀን ሳይቅም ውሏል? መልስ አልሰጠኝም። ነገሩ መጥፎ ነው ከተባለ የሚከለክለው ሕግ አውጪው ነው፤ እንግሊዞቹ በ2014 በፓርላማቸው እንዳደረጉት። ወይ ቀረጡን ይጨምር፣ ወይ ዕድሜ ይገድብ፣ ወይ ከትምህርት ቤት አጠገብ ያለውን መቃሚያ ቤት ይዝጋ። በአንድ በኩል ፈቃድ ሰጥቶ፣ ግብር ተቀብሎ፣ በሌላ በኩል መስኮት ላይ ባለ ልጅ ፊት መገላመጥ ግን ሥነ ምግባር አይባልም። ባንክ ንስሐ አባት አይደለም። ንስሐ አባት ቢሆንማ ያስገቡትንም ብር «የኃጢአት ነው» ብሎ ይመልስ ነበር፤ እሱን ግን ሲመልስ አላየንም።

ባንክ ምንም ምክንያት የለውም አልልም። ጫት በአንድ ቀን ይጠወልጋል፤ ዋጋው ጠዋትና ማታ ይለያያል፤ መንገድ ሲዘጋ ሥራው ይቆማል፤ ለመያዣ የሚሆን ቤት ወይም መኪና የለም። እነዚህ እውነተኛ ሥጋቶች ናቸው። ባንኩ «እትዬ፣ ሥራዎ በአንድ ቀን የሚጠወልግ ዕቃ ላይ ስለሆነ የምናበድርዎት ይህን ያህል ብቻ ነው፤ ወለዱም ከፍ ይላል» ቢላቸው ኖሮ እኔ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ሥጋት ይቆጠራል፣ ይሰላል፣ ዋጋ ይወጣለታል። ነውር ግን አይሰላም፤ ይደበቃል ብቻ። ለዚህም ነው ልጁ ድምፁን ዝቅ ያደረገው።

መያዣውንም ቢሆን መፍትሔ የለውም ማለት አይቻልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ከብትም፣ ሰብልም፣ የሥራ መሣሪያም መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። የባንኩ የራሱ ደብተር ደግሞ አለ፤ እትዬ በሳምንት ሁለት ቀን ስንት እንዳስገቡ፣ ሐምሌ ሲደርስ ስንት እንዳወጡ፣ አንድም ሳምንት አለመዝለላቸው ተጽፏል። አንድን ነጋዴ ከዚህ በላይ የሚያሳውቅ ወረቀት እኔ አይታየኝም። አሜሪካኖቹ ቢያንስ አንድ ነገር ያስተምሩናል፤ ያ አሰልቺ ሪፖርታቸው ሱቁን በስሙ ነው የሚጠራው። ማሪዋና ሻጩ «ማሪዋና ሻጭ» ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ጥፋት ሲገኝ የት እንዳለ ይታወቃል። የእኛው ግን ሳሙና ውስጥ ነው ያለው፤ ቁጥጥር ቢፈለግ እንኳን ምኑን ይቆጣጠሩታል?

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፎርሙ ላይ ያለው ክፍት ቦታ እውነቱን ይጻፍበት። ማታ የሚሸጥ ነጋዴ ባለበት ሰፈር አንድ መስኮት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ይከፈት፤ ቢያንስ ብሩ ትራስ ሥር እንዳያድር። ከዚያ በኋላ ባንኩ ይመዝን፤ ካልፈለገም እምቢ ይበል፤ ግን ለምን እንደሆነ በወረቀት ጽፎ ይስጥ። እትዬ በእጃቸው የያዙት የእምቢታ ወረቀት የለም። ያላቸው ሁለት ካርቶን ሳሙና ነው። አሁን የአራጣውን ዕዳ ጨርሰዋል፤ ሳሙናውን ደግሞ ለጥምቀት ልብስ ሲያጥቡ ጨረሱት።

ይህን ጽሑፍ ለቡለቲኑ ከማስገባቴ በፊት እናቴ ደወለችልኝ። ደባርቅ ላይ ባንክ ሂሳብ ልትከፍት ነው፤ በስልክ ገንዘብ ለመላክ ያስፈልጋል ብለዋት። ፎርሙን የሚሞላላት የጎረቤት ልጅ ነው።

«የሥራ ዓይነት የሚል አለው አሉ፤ ምን ልበል ልጄ?» አለችኝ።

እኔም ይህን ሁሉ ስጽፍ የከረምኩ ሰው ነኝና ደረቴን ነፍቼ «አረቄ በይ እማዬ፤ ምን አጠፋሽ?» አልኳት።

ሳቀች። ቀጥላ ዝም አለች። ከዚያ፣ «አንተስ? ዩኒቨርሲቲ ስትመዘገብ የወላጅ ሥራ የሚል ሞልተህ አልነበረም? ምን ብለህ ነበር የጻፍኸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ግብርና ብዬ ነው የጻፍኩት።